«መንገድ ይመታዋል» ስለተባለ ቤትና ስለ ሌሎችም፦ የከተማ ፕላን ባለሙያ ለአንባቢዎች የሰጡት መልስ

ባለፈው እትማችን ስለ ከተማ ፕላንና ስለ ማዘጋጃ ቤት አሠራር የሚያሳስባችሁን ጠይቁን ብለን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን በአንድ የክልል ከተማ አስተዳደር ውስጥ በከፍተኛ የፕላን ባለሙያነት ለሚያገለግሉ ጸሐፊያችን አቅርበናል። ለጥያቄ ላኪዎች ክብር ሲባል ስማቸውን አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በማዘጋጃ ቤት በጀማሪ የፕላን ባለሙያነት ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የተማርኩት ከተማ መንደፍ ነበር፤ ቢሮ ከገባሁ ወዲህ ግን የምውለው ፋይል በማገላበጥና ባለጉዳይ በማስተናገድ ነው። ዕድገት አግኝቼ ከፍተኛ ባለሙያ ስሆን ሥራው ይለወጣል ወይስ ይኸው ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይለወጣል፤ ነገር ግን ምናልባት እርስዎ ተስፋ ባደረጉት በኩል አይደለም። ከፍተኛ ባለሙያ ከጀማሪው ያነሰ ይነድፋል፣ ከጀማሪው የበለጠ ይጽፋል። የሚጽፈውም የባለሙያ አስተያየት የምንለውን ነው። አንድ ሰው የይዞታው አገልግሎት ከመኖሪያ ወደ ንግድ እንዲለወጥለት ሲያመለክት፣ አንድ ባለሀብት ፕላኑ አራት ፎቅ በሚፈቅድበት ቦታ ላይ ስምንት ፎቅ ልሥራ ሲል፣ ወይም የመንገድ መሥሪያ ቤቱ በፕላኑ ላይ የተመለከተው መስመር ጥቂት ሜትር ወዲያ እንዲል ሲጠይቅ፣ ጉዳዩን ከፕላኑና ከመሬቱ ጋር አገናዝቦ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» የሚለውን ከነምክንያቱ ለኃላፊው ማቅረብ የከፍተኛ ባለሙያው ድርሻ ነው። ውሳኔው የእርስዎ አይደለም። ቀለል ያለው ጉዳይ በኃላፊው፣ ከበድ ያለው በካቢኔ፣ የፕላን ማሻሻያ የሆነው ደግሞ በከተማው ምክር ቤት ይወሰናል። የእርስዎ የሚሆነው ምክንያቱ ነው፤ ኃላፊ ተቀይሮ፣ ባለሙያ ተዛውሮ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት በደረሰ ጊዜ ተገልጦ የሚነበበው ያ ወረቀት ነውና።

ምሳሌ ልስጥ። በአንድ መስቀለኛ መንገድ ጥግ ላይ የነዳጅ ማደያ ለመክፈት ጥያቄ ይቀርባል እንበል። የመሬት አጠቃቀም ካርታው ቦታውን ቅይጥ አገልግሎት ይለዋል፤ ስለዚህ ችኩል ባለሙያ «ከፕላኑ ጋር አይቃረንም» ብሎ በአንድ መስመር ይመልሰዋል። ከፍተኛ ባለሙያ ግን ጠዋት ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት ቦታው ላይ ሄዶ ይቆማል። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ የሚሰለፉት ተሽከርካሪዎች ሰልፋቸው የት ድረስ እንደሚደርስ፣ ወደ ግራ የሚታጠፈው ባጃጅ ማንን እንደሚዘጋ፣ በክረምት የጎርፍ መውረጃው ቦይ በየት በኩል እንደሚያልፍና መግቢያው በሌላኛው ወገን ቢሆን ምን እንደሚለወጥ ይመለከታል። ከዚያ በኋላ የሚጽፈው አስተያየት «አይፈቀድም» ቢል እንኳ አመልካቹ ቁጭ ብሎ ሲያነበው ምክንያቱን ይረዳል፤ «ይፈቀድ» ቢልም ከእነ ቅድመ ሁኔታው ይሆናል።

የመስክ መረጃን ማጣራት ሌላው ለከፍተኛ ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። ጀማሪ ባልደረቦቼ በእጅ ጂፒኤስ ለክተው የሚያመጡት ነጥብ ካርታው ላይ ሲቀመጥ የሰውየው ግቢ ወንዝ ውስጥ ወይም የጎረቤት ቀበሌ ውስጥ ሲገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ። ብዙዎቹ የቆዩ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ (የቦታ ነጥቦች ሁሉ ከእርሱ ተነስተው በሚለኩበት ሥርዓት) ሲሆን፣ የጂፒኤስ መሣሪያው ካልተነገረው በስተቀር የሚሰጠው በዓለም አቀፉ መነሻ፣ ማለትም በደብሊውጂኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል በእኛ አካባቢ በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ 200 ሜትር ገደማ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ደግሞ 90 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። አንድ ቤተሰብ ቤቱ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም የሚለው ጥያቄ መሣሪያው ላይ በተመረጠ አንድ መስመር ሊወሰን ስለሚችል፣ ከመፈረሜ በፊት «በየትኛው መነሻ ነው የተለካው?» ብዬ ሳልጠይቅ የማሳልፈው የመስክ ሪፖርት የለም።

የሕዝብ ቁጥርም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የዚያን ጊዜ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራት። ዛሬም ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውሃ መስመር የምንመድበው ከዚያ ቆጠራ ተነስቶ በተሠራ ግምት ነው። ስለዚህ ግምቱን ብቻ አምኖ መቀመጥ አይቻልም፤ የውሃ ደንበኞችን ቁጥር፣ የአንደኛ ክፍል ተመዝጋቢዎችን ቁጥር፣ በአየር ፎቶ ላይ የሚታየውን የጣሪያ ብዛት ከጎኑ አስቀምጦ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሦስቱ ካልተስማሙ የትኛውን ለምን እንደተከተሉ ይጽፋሉ። እንግዲህ አሁን «ፋይል ማገላበጥ» ያሉትን ሥራ አይናቁት፤ ከተማው የሚነደፈው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ወላጆቼ በሠሩት ቤት ውስጥ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት «መንገድ ይመታዋል» ተብሎ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገ። መንገዱ እስከ ዛሬ አልመጣም። ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ ለመቀየር ፈቃድ ብጠይቅ «የመንገድ ቦታ ስለሆነ አይፈቀድም» እባላለሁ፤ ልጄ ለሥራ መነሻ ብድር ሲጠይቅ ባንኩ ቤቱን በመያዣነት አልቀበልም አለው። አርጅቻለሁ፤ ማንን ልጠይቅ? (ከተማቸው እንዳይገለጽ ከጠየቁ እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ ቀይ ቀለሙ ራሱ ምንም የሚያስረዳ ነገር እንደሌለው ይወቁልኝ። «መንገድ ይመታዋል» የሚለው አነጋገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ያጨፈልቃል። አንደኛው፣ በመዋቅራዊ ፕላን ላይ የተመለከተ መስመር ነው። መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን ጠቅላላ አቅጣጫ የሚያሳይ በመሆኑ በትንሽ መስፈርት ይሣላል፤ ካርታው 1 ለ10,000 ከሆነ በወረቀቱ ላይ አንድ ሚሊሜትር ማለት መሬት ላይ አሥር ሜትር ነው፤ ይኸውም የብዙ ሰው ቤት ስፋት ነው። ሁለተኛው፣ በአካባቢ ልማት ፕላን ወርዱና ነጥቦቹ ተለይተው የተወሰነ መንገድ ነው። ሦስተኛው፣ በጀት ተይዞለት ሊሠራ የተቃረበ መንገድ ነው። የእርስዎ ቤት ከሦስቱ በየትኛው እንደተያዘ ሳይታወቅ ጣሪያዎን መከልከል ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ በቃል አይጠይቁ፤ በጽሑፍ ይጠይቁ። ለፕላን ጽሕፈት ቤቱ በሚያስገቡት ማመልከቻ ላይ አራት ነገር እንዲገለጽልዎ ያመልክቱ፦ መስመሩ የተመለከተው በየትኛው ፕላን ላይ እንደሆነና ፕላኑ የጸደቀበት ዓመት፣ የመንገዱ ወርድ፣ ከይዞታዎ ውስጥ የሚነካው ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነና የአካባቢ ልማት ፕላን ተሠርቶለት እንደሆነ። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥር ይቀበሉ። በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መሠረት የመዋቅራዊ ፕላን ዕድሜ 10 ዓመት ነው። ምልክቱ ከተደረገ ወዲህ ፕላኑ ተከልሶ ከሆነ መስመሩ ሌላ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል፤ አጥሩ ላይ ያለው ቀለም ግን ተከትሎ አይሄድም። ማንም ሄዶ ሳያጠፋው ቀርቶ ለዓመታት ሰው ሲያስጨንቅ የኖረ ምልክት አጋጥሞኛል።

ስለ ጣሪያው የራሴን አቋም በግልጽ ልናገር። በይዞታው ላይ አዲስ ክፍል መጨመርና የሚያፈስ ጣሪያ መጠገን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መሥሪያ ቤቶች ጥገናን የሚከለክሉት ባለቤቱ ነገ ከፍ ያለ ካሳ እንዳይጠይቅ በመስጋት ነው፤ ስጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ካሳ ለማብዛት ሲባል በአንድ ወር ውስጥ ፎቅ የሚያስጀምር ሰው አለና። ነገር ግን የቆርቆሮ ለውጥ በካሳ ግምት ላይ የሚያመጣው ጭማሪ አንድ መንደር ለዓመታት እንዲያረጅና እንዲበሰብስ ከሚያስከፍለው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እኔ በእንዲህ ያለ ጉዳይ የምጽፈው አስተያየት «የቤቱን ወርድና ቁመት ሳይለውጥ ጥገና ይፈቀድ፣ የጥገናው ዓይነት በፋይሉ ይመዝገብ» የሚል ነው። ከእርስዎም ማመልከቻ ውስጥ «ማስፋፊያ አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት ጥገና ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር አይጉደል።

መንገዱ በእርግጥ የሚመጣ ከሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መንግሥት የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ በቅድሚያ ተመጣጣኝ ካሳ መክፈል አለበት። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ካሳው የሚሰላው በዋናነት በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረት ነው። ቤቱን፣ አጥሩን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ ዛፎቹን ከአሁኑ ፎቶ አንስቶ ከይዞታ ሰነዱ ጋር ማስቀመጥ ለልጅዎ የምመክረው ነገር ነው። ባንኩን ግን ፕላን ጽሕፈት ቤት ሊያስገድደው አይችልም፤ የሚነካው የይዞታው ጥቂት ክፍል ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ካገኙ ባንኩ ነገሩን እንደገና ሊያየው ይችል ይሆናል።

በዚህ አጋጣሚ ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። ሰፊ መንገድ በካርታ ላይ ሲሣል ያምራል። 30 ሜትር ወርድ ያለው መንገድ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ሦስት ሄክታር መሬት ይወስዳል፤ ይህም ባለ 200 ካሬ ሜትር ቦታ 150 አባወራ የሚኖርበት መሬት ማለት ነው። በነባር ሰፈር ውስጥ ይህን መስመር ከመጣላችን በፊት መንገዱ በእርግጥ ስንት ተሽከርካሪ እንደሚያስተላልፍ፣ 15 ወይም 20 ሜትር ይበቃ እንደሆነና ገንዘቡ መቼ እንደሚገኝ መጻፍ ካልቻልን፣ ባናሠምረው ይሻላል። ያልመጣ መንገድ እንደ እኚህ እናት ያለውን ሰው ከመጣው መንገድ ይልቅ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ቦታው ላይ ማስታወቂያ ይተከላል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ ማንም ሰው ተነስቶ ይናገራል። አገር ቤት የእናቴ ሰፈር ለልማት ሲነሳ ግን እኛ የሰማነው ጎረቤት ደውሎ ነግሮን ነው። ሕጉ ሕዝብ ይጠየቅ አይልም? ወይስ ባለሙያዎቹ አትፈልጉም?

መልስ፦ ሕጉ ይላል። አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። ልዩነቱ ያለው ከአዋጁ ቃል በታች ነው።

እርስዎ በሚኖሩበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የፕላን ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ1927 የሜሪላንድ ግዛት ያቋቋመው የፓርክና የፕላን ኮሚሽን አካል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገነባው ሰው መሬቱ የግሉ ነው፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ባለመሬት ነው። ቦርዱ በሁለቱ መካከል የሚዳኝ ነው እንጂ ከመሬቱ ሽያጭ የሚያገኘው ነገር የለም። በእኛ አገር ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ መሬትን የሚያስተዳድረውም፣ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት በጨረታ የሚያወጣውም፣ ፕላኑን የሚያዘጋጀውም፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውም አንዱ የከተማ አስተዳደር ነው። ከሊዝ የሚገኘው ገንዘብ የከተማው ዋና ገቢ ከሚሆኑት አንዱ ነው። እንግዲህ የፕላን ባለሙያው የሚሠራው የመሬቱ አከራይ በሆነው መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው። በጀት ሲጎድል ከላይ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛውን ቦታ ለጨረታ ማዘጋጀት ይቻላል?» የሚል ነው፤ በዚያ ጊዜ «ይህ ቦታ ለመናፈሻ የተያዘ ነው» ብሎ በጽሑፍ የሚመልስ ሰው ካልተገኘ ቦታው ይሄዳል። የመኖሪያ ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ስለሆነ፣ ዛሬ በአንድ ጨረታ የተሰጠ ቦታ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ አይመለስም።

የሕዝብ ውይይቱም የሚደክመው ከዚህ የተነሳ ነው። ብዙ ጊዜ ነዋሪው የሚጠራው ነገሩ ሁሉ ከተቆረጠ በኋላ ቃለ ጉባኤ ለማሟላት ነው። በበኩሌ ውይይቱ ረቂቁ ከመሣሉ በፊት እንዲሆን እከራከራለሁ፤ ሁልጊዜ ይሳካልኛል ማለቴ አይደለም። ሲሳካ ደግሞ ስብሰባውን በሥራ ቀን ጠዋት አንጠራውም፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ሰው ከሥራ በሚገባበት ሰዓት እናደርገዋለን። ካርታው ግድግዳ የሚያህል ሆኖ ይታተማል፤ በላዩ ላይ ወፍጮ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ በየስማቸው ይጻፋሉ። ሰው ካርታ ፊት ሲቆም በመጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ቤት ነው፤ ቤቱን ካገኘ በኋላ ነው ስለ ከተማው መናገር የሚጀምረው። አንድ ጊዜ እንዲያ ባለ ስብሰባ ላይ አንዲት ጠላ ሻጭ ሴት የጎርፍ መውረጃ ብለን ያሠመርነውን ሰማያዊ መስመር አይተው «ውሃው በዚህ አይመጣም፤ በልጆቼ መኝታ በኩል ነው የሚመጣው» አሉ። በክረምት ሄደን አየነው፤ እንዳሉት ነበር። የሰዎች ተቃውሞም ሆነ እንዲህ ያለ መረጃ ከእነ መልሱ በባለሙያው አስተያየት ውስጥ ካልሰፈረ በቃለ ጉባኤ ብቻ ተቀብሮ ይቀራል።

ለነገሩ የእርስዎ አገር ስብሰባም እንከን አያጣውም። እዚያ የሚናገረው በአመዛኙ ባለ ቤቱ ነው፤ ተከራዩ፣ በሁለት ሥራ የሚሮጠው ስደተኛ አይገኝም፤ ብዙ ጊዜም ስብሰባው አዲስ ቤት እንዳይሠራ መከልከያ ይሆናል። እናትዎን በሚመለከት ግን እርስዎ ካሉበት ሆነው ሊያደርጉት የሚችሉት አለ፦ በኤምባሲው በኩል ለሚያምኑት ዘመድ ውክልና ሰጥተው፣ ሰፈሩ በአካባቢ ልማት ፕላን ውስጥ ከገባ የረቂቁን ቅጂና የውይይቱን ቀን በጽሑፍ ያስጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ በቤት ሠራተኝነት የምሠራ ነኝ። እህቴ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ ላይ ቦታ አግኝታልኛለች፤ ካርታ የለውም፣ በሽማግሌ ፊት ውል ይጻፋል። «ከተማው ወደዚያው ስለሚሰፋ ነገ ሕጋዊ ይሆናል» ይሉኛል። ገንዘቡን ልላክ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይላኩ። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጥልዎ መሬት የለውም፤ የሽማግሌ ውልም ይህን አይለውጠውም። «ከተማው ይሰፋል» የሚለው ግን እውነት ሊሆን ይችላል፤ አደጋውም ያለው እውነትነቱ ላይ ነው። ከተማው ሲሰፋ ያ ማሳ በፕላን ላይ ትምህርት ቤት፣ የኢንዱስትሪ ቦታ፣ መንገድ ወይም የወንዝ ዳር ክልል ሆኖ ይገኛል፤ ሌሊት የተሠራ ጨረቃ ቤት ደግሞ ሲፈርስ ካሳ የለውም። በአዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሲጣሩ እንደ መለያ ያገለገሉት በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. የተነሱት የአየር ፎቶዎች ናቸው፤ ፎቶው ላይ ያልነበረ ቤት «ነበርኩ» ሊል አልቻለም። አሁንማ ምስሉ ከሳተላይት በየጊዜው ስለሚገኝ የምስክር ቃል ዋጋው አንሷል።

ይህን የምለው የቦታ ፍላጎትዎ አላስፈላጊ ነው ለማለት አይደለም። ከተሞቻችን አቅሙ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሆን ሕጋዊ ቦታ በበቂ ሁኔታ አለማቅረባቸው ሰውን ወደ ገበሬው ማሳ የሚገፋው ዋናው ምክንያት ነው፤ ይህም የእኛ የባለሙያዎች የቤት ሥራ እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ገንዘብዎን ግን ካርታ ባለው ይዞታ ወይም በተፈቀደ የቤት ማኅበር ላይ ያውሉት። ከዚያም በፊት እህትዎ የቦታውን ነጥብ ይዛ ወደ ፕላን ጽሕፈት ቤት ሄዳ «ይህ ቦታ በፕላኑ ላይ ለምን ተይዟል?» ብላ ትጠይቅ። ካርታ ካለውም ካርታው ከዋናው ፋይል ጋር መመሳሰሉ በመሬት መሥሪያ ቤቱ ይረጋገጥ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ በፕላን አረንጓዴ ቦታ ነው ይባላል። አሁን ለገበያ ማዕከል ሊሰጥ ነው ይላሉ። ይቻላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ፕላኑ ካልተሻሻለ አይቻልም፤ ፕላኑን ማሻሻል ግን ይቻላል፣ ሥልጣኑም ያጸደቀው አካል ነው። አገሪቱ በምትከተለው አሠራር የአንድ ከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለሕንፃ እንዲሆን ይፈለጋል። ሜዳው ከተወሰደ በምትኩ በዚያው ሰፈር፣ ሕፃን በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ሌላ መሰጠት አለበት ብላችሁ ተከራከሩ። ከከተማው ዳር ገደል ላይ የተሠመረ አረንጓዴ በመቶኛው ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ኳስ ግን አይጫወቱበትም።

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ለምን በየጊዜው ይቀየራል? አንዱን ይዞ መጨረስ አይሻልም ነበር? (የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መቀየሩ ራሱ ነውር አይደለም፤ ከተማ ያድጋል። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ፕላን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1965 ፈረንሳዊው ደ ማሪየን፣ ከአብዮቱ በኋላ በ1978 የሃንጋሪው ፖሎኒ ፕላን አዘጋጅተዋል። በዚያው አቆጣጠር በ1986 በጣሊያን ትብብር የተሠራው ማስተር ፕላን የጸደቀው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1994 ነው፤ በመካከሉ መንግሥት ተለውጧል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ የተከለሰው መጣ፤ ከዙሪያው የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ታስቦ የነበረው የተቀናጀ ፕላን በተነሳበት ብርቱ ተቃውሞ በጥር 2008 ዓ.ም. ቀረ። አሁን በሥራ ላይ ያለው ከእርሱ በኋላ ለአሥር ዓመት ተብሎ የተዘጋጀው መዋቅራዊ ፕላን ነው።

እያንዳንዱ የተወው ነገር አለ። መርካቶ በዚያ ስፍራ የተተከለው በጣሊያኖች ሐሳብ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ለገሐር ቀጥ ብሎ የሚወርደው የቸርችል ጎዳና መልክ የያዘው ከደ ማሪየን ዘመን ሥራ ጋር ነው። የእኔ ቅሬታ ከለውጡ ጋር ሳይሆን ምክንያቱ አብሮ ባለመተላለፉ ነው። አንድ መንገድ ለምን 40 ሜትር እንደተደረገ፣ አንድ ሰፈር ለምን ከአራት ፎቅ እንዳያልፍ እንደተባለ ካርታው አይናገርም፤ ማብራሪያ ጥራዙ በየመሥሪያ ቤቱ መፍረስና መዋሐድ ይጠፋል። ስለዚህ አዲሱ ቡድን የቀድሞውን ክልከላ ከንቱ ነገር አድርጎ ያየዋል፤ ክልከላው ምናልባት የከርሰ ምድር ውሃ ወይም የመሬት መንሸራተት ስላለ የተደረገ ሊሆን ይችላል። የታሪክ መምህር ከሆኑ ተማሪዎችዎን ወደ ደብረ ብርሃን ማዘጋጃ ቤት ወስደው የቆዩ የፕላን ጥራዞችን እንዲጠይቁ ቢያደርጉ ለከተማዎም ውለታ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በሶሲዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ሥዕል አልችልም። የከተማ ፕላን ባለሙያ ልሆን እችላለሁ? የትስ ልማር? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይችላሉ። ደህና የፕላን ቡድን የሚባለው የሶሲዮሎጂ፣ የኢኮኖሚክስና የጂኦግራፊ ባለሙያ፣ መሐንዲስና አርክቴክት አንድ ላይ ሲይዝ ነው፤ ብዙ ቡድኖች የሚጎድላቸውም ሰፈር ውስጥ ገብቶ ሰው ማነጋገር የሚችለው ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረውን የሕንፃ ኮሌጅ መነሻው ያደረገው የሥነ ሕንፃና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት አለ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ይመቻል። የጂአይኤስ (ካርታና የቦታ መረጃ በኮምፒዩተር የሚሠራበት) ሶፍትዌር አጠቃቀም ግን ከመመዝገብዎ በፊት ይልመዱ፤ ለዚህ ሥዕል መቻል አያስፈልግም። ካርታ ማንበብ ደግሞ ግድ ነው፤ ከሠፈርዎ አንድ ጎዳና መርጠው በየመቶ ሜትሩ ምን እንዳለ፣ ማን እንደሚጠቀምበትና የትኛው ሰዓት ላይ እንደሚጨናነቅ በሁለት ገጽ ጽፈው ይዘው ወደ መግቢያ ቃለ መጠይቁ ቢሄዱ፣ እኔ ፈታኝ ብሆን በመጀመሪያ የማነበው እርሱን ነው።